የተቆለፈባቸው መጻሕፍት

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ሳይድን ጣራ ካልጠገንኩ ስላለ መሰላሉን ደብቄበታለሁ። አክስትሽ ጭቃ ውስጥ የተነሣሽውን ፎቶ አይታ «ይህን ሁሉ ተምራ መኪና ልትገፋ ነው የሄደችው?» አለች። «ተምራ ነዋ አገፋፉን ያወቀችው!» አልኳት። አንቺ ግን እርጥብ ካልሲ አድርገሽ አትዋዪ።

በስልክ የነገርሽኝ ከልቤ አልወጣም። ለገጠሩ ትምህርት ቤት ያደረስሻቸውን መጻሕፍት ርእሰ መምህሩ መጋዘን ውስጥ ቆልፎባቸው ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ስለሚማሩ፣ «ሥራውን ትቼ ልመለስ ነው» አልሽኝ። አትመለሺ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እኔም የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ቢጠፋ እጠየቃለሁ ብዬ አዳዲስ መጻሕፍት ሁለት ዓመት ቆልፌ አይጥ አስበልቻለሁ። ይህን ለአባትሽ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ስለዚህ አትቆጪው። መጽሐፍ ቢቀደድም ቢጠፋም እንደማይጠየቅ መሥሪያ ቤታችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይስጠው። ያን ጊዜ ቁልፉን ራሱ ያወጣዋል። እኔን ግን «አትጠየቂም» ያለኝ ሰው አልነበረም።

የያዝሽው ይቅናሽ፣ ደክመሽ አትቅሪ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ልጆች አገላብጠው አገላብጠው ሽፋኑን የገነጠሉት አንድ መጽሐፍ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ