ሕዝብ የመረጠው ዲያቆን

ይድረስ ሪያድ ላለሽው ለውድ እህቴ ለሠርካለም፤ እንደምን ከረምሽ? እኛ ወንድማችንን ዲያቆን ጓንጉልን ከቀበርን ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጸንተናል።

ዲያቆን በመታጣቱ ግን የደብራችን ቅዳሴ ታጎለ። ሀገረ ስብከቱ «ከሰቆጣ ልላክላችሁ» ቢል ሽማግሌዎቹ «የማናውቀው ሰው አይመጣብንም» ብለው ተቆጡ። ዛሬ በስብሰባው ላይ ተነሥቼ፣ «በሐዋርያት ጊዜ ሰባቱን ዲያቆናት የመረጠው ሕዝቡ ነው፤ ሐዋርያት እጃቸውን ጫኑባቸው። እናንተም ምረጡ፣ ጳጳሱ ይሹሙ» አልኩ።

መሪጌታ ይሄይስ ሳቁ። «እሰይ የጓንጉል ወንድም! እንግዲያውስ አንተን መርጠናል» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ።

ዳዊቱንም ዜማውንም ስለማውቅ አያቅተኝም። ጳጳሱ ክህነት የሚሰጡት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በምፈተንበት ሳምንት ነው። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ከጓንጉል ሞት ወዲህ ዛሬ ገና እልል አለች።

አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ ንጋቱ