ከዘፈኑ የወጣው ድምፅ

ሙዳሲር፣
ባምባሲ ቤተሰቦቼ ጋ ሄጃለሁ። ጊታሬን ይዣለሁ። ጀሪካኖቹን ውሃ ሞልቻቸዋለሁ፤ ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀው።

ትናንት የለቀቅከውን ዘፈናችንን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።
ሮክ የምትለው ይሄንን ነው?
የኔን ጊታር አውጥተህ ኪቦርድ ከተትክበት፤ የሰርግ ሙዚቃ አስመሰልከው። እሱንስ እሺ ልተወው። እናትህ በበርታ ቋንቋ ያዜሙትን ለምን ቆረጥከው? "በበርታ ማን ይሰማናል?" አልከኝ። ዘፈኑ እኮ እሱ ነበር!

በባንዱ ልጆች ፊት "ፈሪ" ብዬ አንተን መስደቤ ጥፋት ነው። ሌላውን ያልኩትን ግን አልመልሰውም።

ጠዋት እናትህ ደውለው ነበር። "ጂራታ ልጄ፣ ድምፄ ወጣ?" አሉኝ። ገና አልሰማሁትም ብዬ ዋሸኋቸው።
ከሰዓት አንተ ጋ ይደውላሉ።
አንተው ንገራቸው።

ጂራታ