በሃያ ደቂቃ የቀደሙት የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ራይና ካራጆቫ

ወይዘሮ ራይና አሰኖቫ ካራጆቫ ከአባታቸው ከአቶ አሰን ካራጆቭ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዝላትካ ፔትሮቫ፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዶልኒ ብርያግ ከተማ፣ ሊፖቫ ጎዳና ቁጥር 9፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1949 ተወለዱ። ዕለቱ ወይን የሚገረዝበት የቅዱስ ትሪፎን በዓል ስለነበር አባታቸው ከማሳው ሞቅ ብሏቸው ሲመለሱ ሴት ልጅ ጠበቀቻቸው። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጽዋ ተነሥቶ፣ ተጨፍሮ ሲያበቃ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሌላ ሴት ልጅ ተወለደች። ይህችኛዋ ሮሲትሳ ናት፤ ይህን የሕይወት ታሪክ የምትጽፈውም እሷው ናት። ለሁለተኛዋ ጽዋ ያነሣ ሰው የለም። ይህ ይመዝገብ።

የሕይወት ታሪክ ወጉ አንቱታ ነው። ሮሲትሳ ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ "አንቺ" ስትላት የኖረችውን መንታ እህቷን ዛሬ "እርሳቸው" እያለች መጻፍ ግድ ሆኖባታል። እሺ፣ ይሁን። ሃያ ደቂቃ በለጥኩ ብለው በምድጃው በኩል ያለውን አልጋ ዕድሜ ልካቸውን የያዙ ናቸው፤ አንቱታውንም ይውሰዱት።

ወይዘሮ ራይና የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1967 ከእህታቸው ጋር የነርስ ትምህርት ቤት ገቡ። በሦስተኛው ሳምንት ደም ሲቀዳ አይተው ወለሉ ላይ ተዘረሩ። በማግስቱም ተዘረሩ። ዳይሬክተሩ "ኧረ ይቺን ልጅ ደም የሌለበት ቦታ ውሰዱልኝ!" ብለው ወደ ከተማው ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ወደ መዝገብ ቤት ላኳቸው። ሮሲትሳ ግን ተመረቀች። በዚያው ሆስፒታል ሠላሳ ስድስት ዓመት ሕመምተኛ አጥባ፣ አገላብጣ፣ አጉርሳ ጡረታ ስትወጣ የግድግዳ ሰዓት ሰጧት፤ ሰዓቱ ዛሬም አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ደም አይተው የወደቁት ደግሞ ሜዳሊያ ተሸለሙ።

ለሜዳሊያው ያበቃቸውን ሥራ፣ ቅናት ቢያንቃትም፣ ሮሲትሳ አትደብቅም። ያን ጊዜ የሕመምተኛ ወረቀት በገባበት ቀን እየታሰረ ጆንያ ውስጥ ይወረወር ነበር። አንድ ሐኪም የአንድ መንደር የኩላሊት ሕመምተኞችን ልወቅ ቢል ሁለት በጋ ጆንያ ሲፈታ ይከርማል። ወይዘሮ ራይና አርባ አንድ ሺህ ወረቀት አንድ በአንድ አንብበው በበሽታው፣ በመንደሩ፣ በዕድሜው፣ ሰውየው ውኃ በሚቀዳበት ጉድጓድ ሳይቀር ለይተው አስቀመጡ። የትም የማይገባ ወረቀት የሚጣልበት "ሌላ" የሚባል መሳቢያ ነበር፤ እሱን እንደ ደመኛ ነበር የሚያዩት። "'ሌላ' ማለት 'አላነበብኩትም' ማለት ነው" ይሉ ነበር። መሳቢያውን ባዶ ለማድረግ ስምንት ዓመት ፈጀባቸው።

ከዚያ በኋላ ስለ ክሪቫ ቸሽማ መንደር የኩላሊት በሽታ ሊያጠኑ ከሶፊያ የመጡት ሐኪሞች የሚፈልጉትን ሁሉ ከምሳ በፊት እጃቸው አስገቡ። በሌላ ዓመት ስለ ደም ግፊት የሚያጠኑ መጡ፤ እነዚያው ወረቀቶች፣ ስም በቁጥር ተተክቶ፣ ለእነሱም አገለገሉ። "ሰው ሕመሙን አንዴ ተናግሯል፤ እንደገና አናስለፍፈው" ይሉ ነበር ወይዘሮ ራይና። ከተማው ሁሉ "የራይና እጅ የነካው ወረቀት አይጠፋም" ይል ጀመር። ሮሲትሳ ይህን ዳቦ ቤት ተሰልፋ ስትሰማ ዳቦውን ሳትገዛ የወጣችበት ቀን አለ።

ያም አልበቃቸውም፣ እሷ የምትሠራበት ክፍል ድረስ ወረቀት ይዘው ይመጡ ነበር፤ ያውም ሕመምተኛው ፊት።

"ሮሲ፣ 'እንደ ትናንቱ' ብለሽ ጽፈሻል። ትናንቱን ከየት ላምጣው?"

"ጆንያሽ ውስጥ ፈልጊው!"

"ጆንያ ቀርቷል፣ እህት ዓለም። ትኩሳቱን በቁጥር ጻፊልኝ።"

አልጋው ላይ የተኙት ሁሉ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሮሲትሳ በቁጥር ጻፈች፤ አምናበት ሳይሆን እንዳይሳቅባት።

ወይዘሮ ራይና በ1973 ከጀልባ መካኒኩ ከአቶ ሜቶዲ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ሜቶዲ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ጭፈራ ላይ መጀመሪያ እጁን የዘረጋው ለሮሲትሳ ነበር። እሷ ልትኮራ ብላ "እግሬን አሞኛል" አለች፤ እሱም ዞር ብሎ አጠገቧ የቆመችውን ያዘ። ይህም ይመዝገብ። ሜይ 9 ቀን 1975 ብቸኛ ልጃቸው ካሊና፣ ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም ሆና ተወለደች። አቶ ሜቶዲ በ1980 በልብ ሕመም ሲያርፉ ወይዘሮ ራይና ልጃቸውን ይዘው ሊፖቫ ጎዳና፣ እህታቸው ወደምትኖርበት የአባታቸው ቤት ተመለሱ።

ሮሲትሳ አላገባችም፣ አልወለደችም። ምክንያቱ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ካሊናን ከመዋዕለ ሕፃናት የምታመጣት፣ ጫማ ማሰር ያስተማረቻት፣ ኩፍኝ ሲይዛት ሥራ ቀርታ አጠገቧ የተቀመጠችው እሷ ናት። ራይና ከምድር ቤታቸው የሚመለሱት ራት ሲቀርብ ነው። በሩ ሲከፈት ልጅቱ "እማዬ!" ብላ ትሮጣለች፤ ሮሲትሳ ማንኪያውን እንደያዘች ትቀራለች። እንዲህ ነበር በየቀኑ። ማንም ያየባት አልመሰላትም።

በ1984 የሆስፒታሉና የከተማው ክሊኒክ መዝገቦች እንዲቀላቀሉ ተወሰነ። አሮጌዎቹ ካርዶች ላይ የዜጋ ቁጥር ስላልነበረ ወይዘሮ ራይና ደንብ አወጡ፤ የስም መነሻ ፊደል፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ ከገጠሙ ሰውየው አንድ ነው፣ ወረቀቱ አንድ ላይ ይታሰር። ወይዘሮ ራይና አግብተውም ሆነ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ በሆስፒታል ወረቀት ላይ የሚጠቀሙት በአባታቸው ስም ነበር። እንግዲህ ር. አ. ካራጆቫ የሚባሉ፣ በአንድ ቀን ከአንድ እናት ተወልደው በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሴቶች በአንድ ክር ታሰሩ። የአገር ሁሉ መዝገብ የለዩት ሴትዮ ራሳቸውን ከእህታቸው መለየት ረሱ።

ነገሩ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ሮሲትሳ ለሐሞት ጠጠር ስትተኛ ነው። ቀዶ ሐኪሙ መዝገቡን ገልጦ "አንድ ጊዜ ወልደሻል፤ ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከመቶ" አላት። ሮሲትሳ በጎኗ ሕመም ጎብጣ ምድር ቤት ወረደች።

"ራይና! አልጋውን ወሰድሽ፣ ሜቶዲን ወሰድሽ። አሁን ደግሞ ልጅሽን በስሜ ጽፈሽ ልትሳለቂብኝ ነው?"

ሠራተኛው ሁሉ ቀና አለ። ራይና ካርዱን አይተው አመድ መሰሉ። አሥራ አንድ ቀን ተቀምጠው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለዩ፤ በቅጹ ፊት ላይም "መንታ ነዎት?" የሚል አዲስ ጥያቄ ጨመሩ። ጥያቄውን ሌሎች ሆስፒታሎችም ወሰዱት፤ በ1989 ሜዳሊያው የመጣው በዚህም ጭምር ነው። ታዲያ ያ ጥያቄ የተገኘው በማን የሐሞት ጠጠር ነው? በሽልማቱ ቀን ይህን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ ራይና ወረቀቱ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ መርተው፣ በ2010 ጡረታ ከወጡ በኋላም አዳዲሶቹን ሲያስተምሩ ቆዩ። ባለፈው ኦክቶበር ጉበታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ፤ በሕክምና ሲረዱም ከረሙ። ማርች 1 ቀን ካሊና ለሁለቱም እህቶች ጸደይ ሲገባ ለጤና የሚታሰረውን ቀይና ነጭ የማርቴኒትሳ ክር በእጃቸው አሰረችላቸው። በማግስቱ ሮሲትሳ ሆስፒታል የተኙትን እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ በዚያው ግፊቷን ልትለካ ጎራ አለች። ሐኪሙ ኮምፒዩተሩን አየት አድርጎ "አንድ ልጅ አለችዎት አይደል፣ እናቴ? በ1975 የተወለደች" አላት።

ግፊቷ እዚያው ናረ። ወደ እህቷ ክፍል ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም።

"ካሊና አሁንም እኔ መዝገብ ላይ አለች! በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ወረቀት ማውጣት አቃተሽ?"

ራይና ዓይናቸውን ገለጡ። "አልረሳሁትም፣ ሮሲ። ሁሉንም ለየሁ፤ የካሊናን የልደት ወረቀት ግን በእጄ ገልብጬ አንዱን ቅጂ ላንቺ ተውኩት።"

"የወለድሻት አንቺ!"

"እኔ ምድር ቤት ነበርኩ። ኩፍኟን ያስታመምሽው አንቺ፣ ጫማዋን አንቺ። በሩን ስከፍት ማንኪያ ይዘሽ ስትቆሚ አይሽ ነበር። ቅናት ይገድለኝ ነበር።"

"አንቺ? አንቺ ደግሞ በምን ትቀኛለሽ? ወዳንቺ አይደል እንዴ የምትሮጠው!"

"ወደኔ የምትሮጠው ስለናፈቅኳት ነዋ። አንቺን ምን ብላ ትናፍቅሽ? አንቺ ሁሌም አለሽላት።" ትንፋሽ አጠራቸው። "አውቄ ያለቦታው ያስቀመጥኩት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ካስጠላሽ አስወጪው።"

ሮሲትሳ ምድር ቤት ወርዳ የዛሬዋን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ፔንካን ያን ቅጂ አስወጣቻት። የእጅ ጽሑፉ የራይና ነው። ጥግ ላይ በቀይ "ለጥናት አይቆጠር" ይላል፤ ለካ ውሸታቸው እንኳ የማንንም ቁጥር እንዳያበላሽ ተጠንቅቀው ነበር። ከሥሩ በእርሳስ "አሳዳጊዋ ይህች ናት" ተብሎ ተጽፏል። ፔንካ የማረሚያ ቅጽ ሰጠቻት። ስህተት ያየ ሰው በአምስት ቀን ውስጥ ቅጹን ካልሞላ ወረቀቱ እንዳለ ይጸናል፤ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ወይዘሮ ራይና ናቸው። ሮሲትሳ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወይዘሮ ራይና ማርች 6 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አምስቱ ቀን ትናንት አልቋል። ቅጹ አሁንም ቦርሳው ውስጥ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም።

ወይዘሮ ራይና ሁለት የልጅ ልጆችና አንዲት መንታ እህት ትተዋል። አንዲት ልጅም ትተዋል፤ እሷ ግን ዛሬ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ የሮሲትሳን ክንድ ይዛ ቆማለች፣ በመዝገቡም የሁለቱም ናት። ለሟች መታሰቢያ የተቀቀለውን ስንዴ ቀምሳችሁ ምሕረት የምትለምኑላቸው ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

በመወለድ ቀደሙ፣ በመሄድም ቀደሙ፤ ሮሲትሳን ይህም ያንገበግባታል። አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ። ነፍስሽን ይማረው፣ ራይና። እዚያም በምድጃው በኩል ያለውን አልጋ ያዥው፣ አልጣላሽም። ካሊና እኔ ጋ ናት።