የኪልሆልሙ እንደራሴ አቶ ኖርማን ቴዝዴልና የመጨረሻው ወንበር

አቶ ኖርማን ቴዝዴል ከአባታቸው ከሸርጣን አጥማጁ ከአቶ አልበርት ቴዝዴልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልሲ ሆርንቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በምሥራቅ ዮርክሸር፣ ባሕሩ በየዓመቱ በሚገምጣት በኪልሆልም መንደር ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ዛሬ የለም፤ ቤቱ የቆመበት መሬትም የለም።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው በአውቶቡስ መካኒክነት ተቀጠሩ። በ1962 ከወይዘሮ ዶሪን ጋር በጋብቻ ተሳስረው ጁዲትንና ኮሊንን አፈሩ። በ1971 የወረዳው ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ።

በዚያ ዘመን ባሕሩ ገደሉን እየናደ ከቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ደርሶ ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሂልዳ ክሮስኪል መጥተው፣ «ኖርማን ልጄ፣ ባሌን ፍሬዴን ውሃው ሳይወስድብኝ አፅሙን አንሣልኝ» አሏቸው። አቶ ኖርማንም፣ «የገና በዓል ሳይደርስ ይነሣል፤ ቃሌ ነው» አሉ። ምክር ቤቱ ጉዳዩን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲያሻግረው ገና አለፈ፤ በጥር ማዕበል የፍሬድ መቃብር ያለበት ረድፍ ወደ ባሕር ተናደ። ወይዘሮ ሂልዳ አልወቀሷቸውም። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን አቶ ኖርማን ባለጉዳዮችን በሚያስተናግዱበት የጸሎት ቤት አዳራሽ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁና፣ «ፍሬድ በርዶታል» ብቻ ብለው ሄዱ። ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ።

አቶ ኖርማን በ1983 ፓርላማ ገቡ። ስለ ባሕር መከላከያ ግንብ ሊናገሩ በቆሙ ቁጥር ባልደረቦቻቸው፣ «ደግሞ ሙታኑን ሊወክል ተነሣ!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እሳቸው አይስቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወደ መጨረሻው ወንበር ዞረው በዝምታ ያዳምጣሉ። ወይዘሮ ዶሪን አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ማንም የለም እኮ! ሾርባው ቀዘቀዘ» ቢሏቸው፣ «ተራቸው ነው፤ ትንሽ ታገሺ» አሉ። የአዳራሹ ጠባቂ አቶ ሲድኒም ሁልጊዜ ረጥቦ የሚያገኙትን ያን ወንበር እየወለወሉ፣ «ጣሪያው አያፈስ! ደግሞ ጨው ጨው ይላል» ይሉ ነበር።

ግንቡ በ1996 ተሠራ፤ የቀሩት መቃብሮች ዳኑ። ወንበሩ ግን አልደረቀም።

በሳንባ ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 2009 አረፉ። «እኔን ገደሉ ጫፍ፣ የፍሬድ ረድፍ ከነበረበት አጠገብ ቅበሩኝ» ብለው ተናዝዘው ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ባሕሩን ፈርቶ በአዲሱ መካነ መቃብር ቦታ ያዘ። ቅዳሜ ዕለት አቶ ሲድኒ አዳራሹን ሲከፍቱ ጎን ለጎን ሁለት ወንበሮች ረጥበው አገኙ። ወይዘሮ ዶሪን ሰምተው፣ «በቃ፣ እሱ ራሱ ባለው ቦታ ይቀበር» አሉ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም ወንበሮች ደርቀዋል።

አቶ ኖርማን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ባሕር የያዘቻቸውን ሙታን በምትመልስበት ቀን፣ ጌታ ኖርማንን ከፍሬድና ከሂልዳ ጋር በደረቅ ምድር ያቁምልን። አሜን።