ጋሽ ፌስታል፦ የምንውጠውን ሁሉ የጠየቁን ሰው

ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ካሳደገችን እናታችን በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። በፋርማሲ ተመርቀው ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዱ ሆስፒታል መድኃኒት ማደያ መስኮት ሠላሳ ስምንት ዓመት አገለገሉ። በ1975 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ቁጡ ነበሩ፤ ሞቱ ብዬ አልዋሽም።

በ1998 ዓ.ም. እኔ ታናሽ እህታቸው ድካም በዛብኝ ብላቸው «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርግሻል» ብለው ኃይል ይሰጣል የተባለ እንክብል አመጡልኝ። በስድስተኛው ሳምንት ሰውነቴ ያሳክከኝ፣ ሽንቴ ይጠቁር ጀመር፤ ዓይኔም ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቀኝ «ምንም» አልኩ። ቅጠልን ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥራል? ጉበቴ እየደከመ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ አራት ቀን ተኛሁ። ይባስ ብዬ እንዲያበረታኝ እንክብሉን ከትራሴ ሥር እያወጣሁ እውጥ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ወንድሜ ሌላ ከተማ ከነበሩበት ሥልጠና ተመልሰው መጡ። ዓይኔን አይተው ትራሴን አነሡ፤ እንክብሉን አገኙት። «ዶክተር፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ» አሉ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እንክብሉን አቆምኩ፤ በሦስት ወር ዳንኩ። ባልደረቦቻቸው «ዳነች አይደል? ስምህን ለምን ታጠፋለህ?» አሏቸው። እሳቸው ግን ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው የጉዳት ሪፖርት ሞልተው ላኩ፤ «የሰጠው ሰው» በሚለው ቦታ ላይ የራሳቸውን ስም ጻፉ። ከሌሎች ከተሞች ሁለት ተመሳሳይ ሪፖርቶች ሲጨመሩ እንክብሉ ከየመደርደሪያው ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ታካሚን «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «የምትውጠውን ሁሉ፣ ዱቄቱንም ቅጠሉንም፣ በፌስታል አምጣ» ይሉ ነበር፣ ቢጫ እንዳይሆን ዓይኑን ትክ ብለው እያዩ። ጋሽ ፌስታል የተባሉት በዚህ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሪፖርት ልከዋል። አበዙት ለሚሏቸው መልሳቸው «ሳይቃጠል በቅጠል» ነበር፤ እኔን ያቃጠለኝ ያው ቅጠል መሆኑን ሳስታውሳቸው ይስቁ ነበር። ዛሬ በዚያ መስኮት የሚሠሩት ልጆች ሁሉ ፌስታል ያስመጣሉ።

በልብ ሕመም ሦስት ወር ታመው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ሆስፒታል የገቡ ዕለት ወጣቷ ሐኪም ጥያቄዋን ሳትጨርስ ፌስታላቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ከእሳቸው በፊት ልሄድ የነበርኩት እኔ፣ ይኸው ቆሜ ታሪካቸውን ለማንበብ በቃሁ። የሰውን ዓይን ሲያዩ የኖሩትን ወንድሜን ፈጣሪ በምሕረት ዓይኑ ይያቸው።