የእማዬ ነጠላ ነጣ

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ባለፈው እሑድ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ መጥኖ ሲያነሳት፣ የእማዬ ነጭ ነጠላ አመድ መሰለ። «እኔ ያደፈ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አውቃለሁ?» ብላ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስትመለስ በር ላይ አቆምኳትና ብርሃኑንም ፎከሱንም በእጄ አስተካከልኩ። ሁለቴ ተበላሸብኝ። በሦስተኛው ብርሃን በደንብ እንዲገባ ሹተሩን ትንሽ ሳዘገየው ነጠላው ወተት መሰለ! በደስታ ጮህኩ። አጉልቼ ሳየው ግን ፎከሱን የያዝኩት ጥለቱ ላይ ኖሯል፤ ጥለቱ ክር በክር ይቆጠራል፣ ፊቷ ደብዝዟል።

እያፈርኩ አሳየኋት። ጠጋ ብላ አየችና፣ «ይኸው! አሁን እኔን መሰልኩ» አለች።

«ፊትሽ እኮ አይታይም፣ እማዬ።»

«ፊቴንማ አገር ያውቀዋል። ይልቅ ይህንን አሳጥበሽ ሳሎን ስቀይልኝ።»