የእመቤታችንን ስም በቀይ ያወጡት አቶ አካሉ ወልደ ሐዋርያት

አቶ አካሉ ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሐዋርያት ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋረጋ በላቸው፣ ከእንጦጦ ሥር፣ የካ ሚካኤል አካባቢ፣ በኅዳር ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው። ዘመናዊ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈራቸው ተምረው በኤሌክትሮኒክስ ሠለጠኑ፤ እስከ ጡረታቸውም በሙያ ማሠልጠኛ አስተማሩ።

በ1979 ዓ.ም. ከሒሩት ረዳ ጋር በተክሊል ተጋብተው ማዕዶትንና ነአምንን ወለዱ። የሟች ጓደኛቸውን ልጅ ልደቱንም ክርስትና አንስተው፣ ከልጆቻቸው ሳይለዩ እቤታቸው አሳድገው፣ ሙያቸውን አስተማሩት።

ጡረታ በወጡበት ዓመት የወ/ሮ ሸዋረጋ ዓይን ደከመ። ጸሎት የሚያነቡበት ስልክ ፀሐይ ላይ አይታያቸውም፤ ጥላ ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ይወጋቸዋል። ስለዚህ አቶ አካሉ ውዳሴ ማርያምን በኤሌክትሮኒክ ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል አወጡላቸው። ይህ ወረቀት የራሱ መብራት የለውም፤ እንደ መጽሐፍ በቀን ብርሃን ይነበባል። ውስጡ ፈሳሽ የሞላባቸው፣ በዓይን የማይለዩ ከረጢቶች አሉ። በየከረጢቱ ነጭና ጥቁር የቀለም ብናኝ ይንሳፈፋል። ኤሌክትሪክ ወደ ላይ ያወጣው ብናኝ ነው የሚታየው፤ ከዚያ መብራት ቢጠፋም ጽሑፉ ባለበት ይቀራል።

እናታቸው ግን አዩና፣ "ልጄ፣ የእመቤታችን ስም ምነው ጠቆረ?" አሏቸው። እውነታቸውን ነው፤ በብራናው ስሟ በቀይ ነው የሚጻፈው።

አቶ አካሉ ቀይ ብናኝ የተጨመረበትን አስመጡ። ቀዩና ጥቁሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚሳቡ ግን፣ በኃይል በገፏቸው ቁጥር ጥቁሩ እየቀደመ አስቸገረ። ከልደቱ ጋር ብዙ ለፍተው መላውን አገኙት፤ ብናኙን ወዲህና ወዲያ አራግፎ፣ ሁለቱንም ወደ ታች መልሶ፣ ከዚያ በደካማ ኃይል ቀስ አድርጎ መሳብ። ጥቁሩ ለደካማ ኃይል አይነቃነቅም። ቀዩ ብቻ እያዘገመ ይወጣል። ወ/ሮ ሸዋረጋ ስሟን በቀይ አይተው፣ ተሳልመው ነው ያረፉት።

በ2015 ዓ.ም. መገናኛ አካባቢ በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ልደቱ ያንኑ ሥራ ይዞ ቀረበ። አቶ አካሉ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከሒሩት ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልደቱ፣ "ብቻዬን ነው የሠራሁት" አለ። ሰው ዞር ብሎ እሳቸውን ሲያይ ጊዜ ደግሞ፣ "እኚህ አባት ጎረቤቴ ናቸው" አለ። ታቅፈው ያስጠመቁት ልጅ! አቶ አካሉ አጨበጨቡለት። እቤት ሲደርሱ ግን እህል አልቀመሱም። ልደቱም ከዚያ ወዲያ ደጃቸውን አልረገጠም።

አምና ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ሒሩትን፣ "በቀብሬ በሚነበበው ታሪኬ ላይ ልደቱን ከልጆቼ ጋር አስገቢው" አሏት።

"'ጎረቤቴ' ብሎህ የለ እንዴ! ከጎረቤት ጋር ይቁም።"

"ሒሩትዬ፣ ቀዩ ሲያስቸኩሉት አይወጣም።"

እስከ መጨረሻው በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። አንድም ቀን ልደቱ አልነበረም።

አቶ አካሉ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ሒሩትን፣ ልጆቻቸውን ማዕዶትን፣ ነአምንን እና ልደቱን ትተው ሄደዋል። የእሳቸው ቃል ስለሆነ የልደቱን ስም ሒሩት በእጇ ጽፋዋለች። ልቧ ግን ገና ጥቁሩን ነው የሚያወጣው፤ አምላክ ቀስ አድርጎ ይሳባት።

ልደቱ መጥቶ ከሆነ ከቤተሰቡ ጋር ይቁም።

ስሟን በቀይ ላወጡላት ለአቶ አካሉ፣ እመቤታችን በልጇ ፊት ትቁምላቸው። አሜን።